ዘቢዳር ማዶ የቀበርኩት ሰው

ከማወራው አሥር ነገር ዘጠኙ ውሸት ነው። ቡታጅራ ገብታችሁ ብትጠይቁ ማንም ይመሰክርላችኋል። ይሄኛው ግን አሥረኛው ነው፤ ውሸት በሆነ ብዬ የምመኘውም እሱን ብቻ ነው።

ስሜ ይስሐቅ ሀብቴ ነው። የሰፈር ልጆች «ቀደዳ» ይሉኛል። እኔና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ተኳረፍን፤ እስከ ዛሬም የሚያስታርቀን አልተገኘም። እንጀራዬ ሳይክል ነው። አዘቦት ቀን እጠግናለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እመራለሁ። የአዲስ አበባውም ልጅ ፈረንጁም ያንን ወፍራም ጎማ ያለውን የተራራ ሳይክል ይዞ ይመጣል፤ እኔ ከፊት ከፊት ሆኜ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ እያንገጫገጭኩ አወጣዋለሁ፣ አወርደዋለሁ። ሐይቅ አሳየዋለሁ፣ ትክል ድንጋይ አሳየዋለሁ። በየአቀበቱ ጫፍ፣ ትንፋሹ ሲያጥር፣ ወሬ እቀድለታለሁ። መንገዱን ይከፍልበታል፤ ቀደዳው ምርቃት ነው።

ረድኤትን ያገኘኋት በዚሁ ቀደዳዬ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ስድስት የሆላንድ ሰዎች መጡ። ወልቂጤ እንግሊዝኛ የምታስተምር አንዲት መምህርት ለአስተርጓሚነት አብራ መጣች። ጸጉሯን በሻሽ ጠፍንጋ፣ የተዋሰችውን ሳይክል መሪ እንደ በሬ ቀንድ ጨብጣ፣ «እኔ ሜዳ ላይ እንጂ ገደል ላይ ነድቼ አላውቅም፤ ብወድቅ ለእናቴ ምን ትላታለህ?» አለችኝ።

«ክንፍ አውጥታ በረረች እላታለሁ።»

«ውሸታም መሆንህን ገና ከከተማ ሳንወጣ አሳየኸኝ።» ሳቀች። ያቺ ሳቅ ናት ጉድ ያደረገችኝ።

ሃረ ሸይጣን ሐይቅ አፋፍ ላይ ስንደርስ፣ ያ አረንጓዴ ውኃ ከታች በክብ ገደል ታጥሮ እንደ ዓይን ሲያየን፣ ድንጋይ ቢወረውሩ ውኃው ጋ አይደርስም የሚባለውን የአገሩን ወሬ አነሳሁላቸው። የራሴንም ጨመርኩበት፦ «እኔ የወረወርኩት ድንጋይ ተመልሶ ግንባሬን አለኝ። ጠባሳው ይኸው!» ጠባሳው የፍየል ነው። ጢያ ላይ ደግሞ፣ እነዚያ ጎራዴ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች የጥንት ግዙፎች ሳይክል ማቆሚያ ነበሩ አልኩ። ፈረንጆቹ እየሳቁ ጨበጡኝ። እኔም ኮራሁ።

ማታ ላይ አንደኛው በተሰባበረ አማርኛ፣ «መምህርቷ ሁልጊዜ መጀመሪያ ‹ይህ እውነት አይደለም፤ ግን ሲናገረው ደስ ይላል› ትለናለች» አለኝ። ዞር ብዬ አየኋት። ዓይኗን አላሸሸችም።

«ለምን አጋለጥሽኝ?»

«አላጋለጥኩህም። ሰው ስቆ ሲያበቃ እንደተታለለ እንዳይሰማው ብዬ ነው። አንተን ሰው ቢጠላህ ደስ አይለኝም።»

በማግስቱ ከአንደኛው እንግዳ ሳይክል ላይ ብረቱ ተሰነጠቀ። ወደ አባዬ ዘንድ ወሰድነው። አባዬ በያጅ ነው። የሱ አባት ደግሞ ሽብሩ ቀጥቃጭ ይባሉ ነበር፤ ማረሻና ቢላዋ የሚሠሩ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ፣ እሳቱን አብርቶ፣ ያንን ብረት መጋጠሚያው እስከማይታይ ድረስ በየደው። ረድኤት አጠገቡ ተቀምጣ ስታየው ዋለች። ከዚያ «አባባ» እያለች የሰጣትን ቆሎ ከጥቁር መዳፉ ላይ አንድ በአንድ እያነሳች በላች።

አንድ በአንድ፣ ከመዳፉ ላይ። እናንተ ይሄ ምን እንዳደረገኝ አይገባችሁም።

ልንገራችሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አባዬ ለአንድ ሀብታም ገበሬ በር ሊሠራ ሲሄድ ተከትዬው ነበር። ውኃ ጠማው። የቤቱ እመቤት በጣሳ አመጣችለት፤ ጠጣ፤ አመስግኖ መለሰላት። ሴትዮዋ ጣሳውን በሁለት ጣቷ ይዛ እንሰቱ ውስጥ ወረወረችው። የቀጥቃጭ ዘር የጠጣበት ነዋ! አባዬ ማየቱን አይቻለሁ። የበሩን ማጠፊያ መምታቱን ቀጠለ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መዋሸት ቻልኩ። ሰው የሚያፍርበት እውነት ካለው፣ ውሸት እንደ ጋቢ ነው፤ ይሞቃል።

በዓመቱ ውስጥ እኔና ረድኤት ስንት ጊዜ ተገናኘን! እሷ በሚኒባስ ትመጣለች፤ እኔ ተራራውን በሳይክል ተሻግሬ እሄዳለሁ። ከዘቢዳር ተራራ ማዶ ስልክ ስለሚቆራረጥ ደብዳቤ ለመድን። የመጨረሻው ደብዳቤዋ አሁንም በኪሴ ነው፦

«ይስሐቅ፣ ጊዜው ደርሷል። የፊታችን ቅዳሜ ሽማግሌ ላክ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ አባባን ይዘህ ና። ካባቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ላያቸው እፈልጋለሁ። ለምን እንደሆነ ስትመጣ እነግርሃለሁ። ያንተው ረድኤት።»

አሥር ጊዜ አነበብኩት። አሥር ጊዜም ፈራሁ። አባቷ ጋሽ ዘርጋ የታወቁ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ አሁን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የዘር ሐረጋቸውን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሰው! እሷ ልጅ ናት፣ የዋህ ናት፤ አባዬን እዚያ ቤት ይዤ ብገባ ምን እንደሚደርስበት አታውቅም ብዬ አሰብኩ። ያ ጣሳ ሲበር ታየኝ። «አባዬን ጉልበቱን አሞታል፣ አይመጣም» ብዬ ጻፍኩላት።

አባዬንም ምንም አልነገርኩትም። «ቅዳሜ የት ነህ?» ሲለኝ፣ «እንግዶች ይዤ ወደ ወልቂጤ እሻገራለሁ» አልኩት።

«ረድኤትን ካገኘሃት ሰላም በልልኝ» አለኝ፤ የሆነ ነገር ሊጨምር ፈልጎ ተወው። ያንን የተወውን ነገር ያኔ ብጠይቀው ኖሮ!

ሽማግሌ ከቡታጅራ መውሰድ አልቻልኩም፤ ሁሉም አባዬን ያውቀዋል። ስለዚህ ጉንችሬ ሄጄ ለቀምኩ። ዋናው ጋሽ ደግፌ የከብት ደላላ ናቸው፤ ጥርሱ ያለቀ በሬ ወይፈን ነው ብለው የሚሸጡ። ሁለት ጢማም ጓደኞቻቸውን ጨመሩ። አፋቸው ውስጥ ቃል በቃል አስገባሁላቸው፦ «አያቱ አዝማች አመርጋ የሚባሉ፣ አርባ ፈረስ የሚያስከትሉ ሰው ነበሩ በሉ።»

«አርባ አይበዛም?» አሉኝ ጋሽ ደግፌ በሙያ ዓይን።

«ሠላሳ ይሁን።»

«አባቱስ ካሉን?»

የሚያልፍ ጋሪ ነበር፤ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ከዚያ አልኩት።

«ሞቷል በሏቸው። በደም ግፊት።» ረድኤት እውነቱን ብታውቅም ለኔ ብላ ትሸፍንልኛለች ብዬ ነበር።

አርብ ዕለት ሳይክሌን ይዤ ወጣሁ። ሽማግሎቹ በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም ነበር። ያ አቀበት ገዳይ ነው። ከመስቃን የበርበሬ ማሳ ተነስቶ ወደ ሰማይ ነው የሚወስዳችሁ። የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ አስገብቼም ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ጫፉ ላይ ወርጄ ወደ ኋላ ዞርኩ። ከታች እነዚያ የበረዱ ኮረብቶች፣ በአንድ ዘመን እሳት የተፉ፣ ዛሬ ገብስ የሚዘራባቸው፤ ከነሱ ማዶ የዝዋይ ሐይቅ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። ለእንግዶች ቢሆን እዚህ ጋ፣ «አንድ ቀን ንፋሱ ወደ ኋላ ነድቶኝ ትናንትና ደረስኩ» እል ነበር። ለብቻዬ ግን አልወጣልኝም። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጆች ወልደን ስለ መኖር አሰብኩ፤ እሷ ታስተምራለች፣ እኔ እጠግናለሁ፣ አባዬ ደግሞ ለልጅ ልጆቹ ትንንሽ ሳይክል ይበይዳል። አባዬ መሞቱን ረስቼው ነበር።

አረቅጥ አደርኩ። ቅዳሜ ጠዋት በጉም ውስጥ፣ በእንሰቱ መሐል፣ ፍሬን እየያዝኩ እየለቀቅኩ ቁልቁል ወረድኩ። ከሰዓት በኋላ ወልቂጤ ገባሁ። ከጋሽ ዘርጋ ቤት ፊት ለፊት ካለ ጎሚስታ ዘንድ ያልተነፈሰ ጎማዬን ተንፍሷል ብዬ አስፈታሁ።

«ወንድም፣ ይሄ ጎማ ደህና ነው እኮ» አለኝ ጎሚስታው።

«አጣራው።»

«ካንተ ፊት ይልቅ ጎማህ ደህና ነው ነው የምልህ።»

ሽማግሎቹ ከገቡ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላቸውም፤ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ደግፌ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ሰባት መቶ በሬ የሸጠ ያ ፊት፣ የተሸጠ በሬ መስሏል።

«ምን አሉ?»

«ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙ ገበያ ፈርሶብኛል፤ እንዲህ ግን አላየሁም። ገብተን ስንቀመጥ ከሰውየው በስተቀኝ አንድ ወንበር ባዶውን ቀርቷል። ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ሊቀመንበር የሚመጣ መሰለኝ። እኔ አዝማቹን ከነሠላሳ ፈረሳቸው አመጣኋቸው። ሰውየው ሰሙኝ። ከዚያ ‹አባቱስ የት ናቸው?› አሉ። ‹ነፍስ ይማር፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሞቱ› አልኩ። ሰውየው…» ጋሽ ደግፌ ኮፍያቸውን አገላበጡ። «ሰውየው ተነሱ። ያንን ወንበር በገዛ እጃቸው አንስተው ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። አልተመለሱም። ከጓዳ የሴት ልጅ ለቅሶ ሰማን። ወጣን።»

እንግዲህ ረድኤት ስትወጣ ያየኋት ያኔ ነው። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ጫማ አላደረገችም። ጎሚስታው ቁልፉን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ጋሽ ደግፌም ወደ ሚኒባሱ። መንገዱ ላይ እኔና እሷ፣ መሐላችን የተፈታ ጎማ።

«አባባ መቼ ሞቱ?» አለችኝ።

«ረድኤት…»

«ማክሰኞ ዕለት አነጋግሬያቸው ነበር። ስለዚህ ረቡዕ ነው? ሐሙስ ነው? ለቅሶ እንድደርስ ንገረኝ።»

«አንቺን ላለማጣት ነው። አባትሽ የቀጥቃጭ ዘር መሆኔን ቢያውቁ…»

«ያውቃል!» ጮኸች። ከዚያ ድምጿ ወረደ፤ የወረደው ድምጿ ከጩኸቱ ይልቅ ገደለኝ። «ከአንድ ዓመት በፊት፣ ካንተ ጋር በተዋወቅኩበት ሳምንት ነግሬዋለሁ። ሦስት ወር አላናገረኝም፤ እራት ላይ ጀርባውን ይሰጠኝ ነበር። እናቴ ታማ ተኛች። አልተውኩትም። በየቀኑ ስለ አባባ አወራለት ነበር፤ ስለ እጃቸው፣ ስለዚያ ቆሎ። በፋሲካ ማግስት ጠራኝና ምን አለኝ መሰለህ? ‹የአናጢ ልጅ ጌታዬ ነው ብዬ እየሰበክሁ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ቤቴ አይግባ ማለት አልቻልኩም። ሰውየውን አምጡልኝ፤ በቀኜ አስቀምጬ በአንድ ሳህን እበላለሁ፤ ጉባኤው ሁሉ ይየኝ› አለ። ዛሬ ለዚያ ነው የተሰበሰብነው። አንተን ሊያይ አይደለም፤ አንተንማ በኔ ዓይን አይቶሃል። ያ ወንበር የአባባ ነበር፤ ጉልበታቸውን አሟቸዋል ብትልም ይመጣሉ ብለን አስቀመጥነው።»

ራሴን ከጎማው አጠገብ መሬት ላይ አገኘሁት። ተንበርክኬ ነው ወይስ ጎማውን ላነሳ ጎንበስ ብዬ፣ አላውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ እንዲልህ! አባባን ይዘህ በበሩ ስትገባ ፊትህን ማየት ፈልጌ ነበር። በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነገር ደብቄ ባስደንቀው ብዬ። መደበቁን ካንተ ተማርኩት፤ ይኸው።»

«እንደገና ሽማግሌ ልላክ። ራሴ ልግባ፤ እግራቸው ላይ ልውደቅ።»

«አባቴ ምን አለኝ መሰለህ፣ ጓዳ ውስጥ? ‹የብረት ሥራ አላሳፈረኝም ልጄ። አባቱን በቁሙ የቀበረ ግን፣ ነገ አንቺን የት ይቀብርሻል?› አለኝ። መልስ አጣሁለት፣ ይስሐቅ። ዓመት ሙሉ ለሁሉም ጥያቄው መልስ ነበረኝ፤ ለዚች ግን አጣሁ።» እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች። «ስታሾፍ እወድህ ነበር። ስለ ሐይቅ፣ ስለ ድንጋይ ስትቀድ እወድህ ነበር። ከጀርባህ ሆኜ ‹ይህ እውነት አይደለም፤ ግን ሲናገረው ደስ ይላል› ስል እንኳ። ዛሬ ግን እናቴ ጓዳ ውስጥ ክንዴን ይዛ ‹እውነት ነው እንዴ?› ስትለኝ፣ አባባ በሕይወት አሉ ብዬ ሳስተረጉምልህ፣ ደስ የሚል ነገር ምንም አላገኘሁበትም።»

«ረድኤት፣ እወድሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ይሄኛው እውነት ነው» አለች። «የሚያስለቅሰኝም እሱ ነው።»

ባዶ እግሯን ጠጠሩ ላይ እየረገጠች ተመለሰች። በሩ ሲዘጋ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

እምድብር አድሬ እሑድ ሙሉ ቀን ተራራውን ወጣሁ። ሳይክሉን ነድቼ አይደለም፤ እንደ ታመመ ሰው ደግፌ ነው። የሚያልፉ ምእመናን «ሰላም ነው? ጎማህ ፈነዳ?» ይሉኛል። «አዎ» እላለሁ። ቁልቁለቱ ላይም አልወጣሁበትም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ መንሸራተት የሚገባኝ አልመሰለኝም።

ቡታጅራ ስገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አባዬ ከተዘጋው ሱቁ ፊት፣ በእሑድ ኮቱ፣ ብረት ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሳ።

«እንግዶችህስ?»

«እንግዳ አልነበረም። ሽማግሌ ልኬ ነበር።»

ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። አጠገቡ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ደላላውን፣ አዝማቹን፣ ሠላሳውን ፈረስ፣ የተነሳውን ወንበር። ሞቷል ማለቴንም። እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም፤ አንዲት ቃል ሳልጨምር። አባዬ መዳፉን እያየ አዳመጠኝ።

«ከምን ሞትኩ አልክ?»

«ከደም ግፊት።»

«ደም ግፊት እኮ የለብኝም» አለ ቀስ ብሎ። ሊያስቀኝ እንደሆነ ገባኝ። ስላልሳቅኩለት ተወው።

አንድ ጋሪ አለፈ። ፈረሱ ደክሞታል።

«ማክሰኞ ዕለት ደውላልኝ ነበር» አለ። «‹አባባ፣ የሸሚዝዎ አንገት ስንት ቁጥር ነው? ለይስሐቅ እንዳይነግሩት› አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! ሸሚዜን ሁሉ የገዛችልኝ እናትህ፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልኝ። ጠብቂኝ ብያት የብረት መለኪያ ሜትሬን አወጣሁና አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። እንዴት ይቀዘቅዛል! አርባ ሁለት አልኳት። ለምን እንደጠየቀችኝ አልገባኝም ነበር፤ ለካ እዚያ ወንበር ላይ በአዲስ ሸሚዝ ልታስቀምጠኝ ኖሯል።»

በጣቱ የኮቱን ኮሌታ ነካ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣሁ፤ ያለው ጭንቀት ብቻ ነበር፤ የሆነ ጥፋት እሱ ያጠፋ ይመስል።

«አርባ ሁለት ብዬ ሳላውቅ አብዝቼባት ይሆን?» አለኝ።

«አላበዛህም፣ አባዬ» አልኩት። «ልክህ ነው።»